አፈ ጉባኤዋን «አንች» ያልሁ ዕለት

ያኔ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎልማሳ ነበርሁ፤ ራሴን እንደ ታላቅ ፖለቲከኛ እቆጥር ነበር። ሥልጣኔ ምን እንደ ነበር ልንገራችሁና ሳቁ፦ ከወረታ በባጃጅ ወጥታችሁ፣ ከአስፋልቱ ወርዳችሁ፣ ግማሽ ሰዓት በእግር ከሄዳችሁ በኋላ የምትደርሱበት የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባል ነበርሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። የቀበሌውን ስም አልጠራም፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ካሉት አንዱ ነው ብላችሁ እለፉት። በትምህርት ወራት እዚያው ቀበሌ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ወረታ የተከራየኋት አንዲት ክፍል አለችኝ፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ አባቴ ቤት ገብቼ ሩዝ አርማለሁ።

የምክር ቤት አባል ከሆንሁ ወዲህ ግን አረም መንቀሉ ክብሬን የሚነካ መስሎ ታየኝ። ከወረታ ገበያ ኮት ገዛሁ። በቴሌቪዥን የትልልቆቹን ክርክር እየተከታተልሁ ጠረጴዛ እንዴት እንደሚመታ፣ ወረቀት እንዴት እንደሚወዘወዝ፣ አፈ ጉባኤው «ጊዜዎ አልቋል» ሲል እንዴት ያልሰሙ መስሎ እንደሚቀጠል አጠና ነበር። እንዲህ የሆንሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ሰማንያ አባላት ነበርን፤ ቢያንስ ግማሾቻችን እንዲሁ ነበርን። ጉባኤ መሀል ስልክ አንሥቶ ስለ ሽንኩርት ዋጋ የሚጨቃጨቅ፣ «የተከበሩ» ካልተባለ ፊቱን የማያዞር፣ እጁን ሳያወጣ የሚጮኽ፣ ሲያንቀላፋ ቆይቶ ጭብጨባ ሲሰማ ደንብሮ የሚያጨበጭብ። ከአዳራሹ ወጥተን ጭቃ ላይ ስንንሸራተት ያየን ሰው እኒህ ናቸው አሁን ሲገላመጡ የዋሉት ብሎ ባላመነ ነበር።

አፈ ጉባኤያችን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ነበሩ። ሩዝና ሽንኩርት የሚያመርቱ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ካደጉ በኋላ የማታ ትምህርት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል የዘለቁ ሴት ናቸው። ለወንበሩ ያጨናቸው ይችላሉ ብለን ሳይሆን ምንም አይሉም ብለን ነው። ያኔ ወንበሩን የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች ተፋጠው ስለነበር፣ ሁለቱንም የማታስቀይም ሴትዮ ተፈለገችና እሳቸው ተገኙ። እሳቸው ግን ነገሩን የምር አድርገው ያዙት። የምክር ቤቱን የአሠራር ደንብ አስባዝተው፣ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከጉያቸው አይለዩትም። ሲያነቡ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ ነው። ረዥም ቃል ሲገጥማቸው ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሞክራሉ። እኛ ደግሞ እንስቃለን። እኔ እንኳ አስተማሪ ሆኜ፣ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ማንበብ አቅቶት ሌሎች ሲስቁበት የምቆጣው ሰው፣ እሳቸው ላይ እስቅ ነበር።

የዚያ ክረምት ጉዳይ ውኃ ነበር። የርብ ወንዝ ሲሞላ ሜዳው ላይ እንደሚለቀቅ አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። በእኛ በኩል ውኃውን ወደ ታች የሚያወርድ፣ አባቶቻችን በደቦ የቆፈሩት የድሮ ቦይ ነበር። ቦዩ የሚያልፍበትን መሬት ግን አቶ ፈንታሁን የሚባል ሰው መጋዘን ልሠራበት ብሎ አጥሮ፣ ቦዩን በድንጋይና በአፈር ደፍኖታል። ማን እንደ ፈቀደለት የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚጠይቀውም አልነበረም። ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ያለው፣ ዘመድ የበዛለት፣ የእኛም ምክር ቤት አባል ነው። «አቶ» የምለው ከልማድ ነው፤ «አንቱ» ማለቱን ግን ከዚያ ክረምት ወዲህ ትቼዋለሁ። የሐምሌው ጉባኤ ማክሰኞ ተጠራ። ሦስተኛው አጀንዳ ቦዩ ይከፈት የሚል ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አቶ ፈንታሁን ወረታ መገንጠያው ላይ ወዳለ ሥጋ ቤት ጠራኝ። ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፉት የጭነት መኪኖች ጭቃውን እስከ በረንዳው ይረጩታል። ዙሪያውን ገላምጦ ጥብሱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«መምህር አዲሱ፣ ነገ ሦስተኛው አጀንዳ እንዳይወሰን እፈልጋለሁ።»

«እንዴት ይሆናል? ድምፅ ከተሰጠበት ያልፋል። ገበሬው ሁሉ የሚጠብቀው እሱን ነው።»

«ድምፅ እንዳይሰጥ ነዋ የምልህ! አንተ ሴትዮዋን ታዋርዳታለህ። ሰዉ ሲስቅ እኔ እነሣና ‹ይህች ልትመራን አትችልም› ብዬ እወጣለሁ። ሰዎቻችን ይከተሉኛል። ምልዐተ ጉባኤው ጎደለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ክረምቱ ያልፋል፣ እኔም ግድግዳዬን አቆማለሁ።»

«ለምን እኔ?»

«ድምፅ አለሃ! ደግሞ አስተማሪ ነህ። አንተ ‹ማንበብ አትችልም› ካልኻት ማን ይከራከርሃል?» ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «በመስከረም ርእሰ መምህሩ ይነሣል። ለዚያ ቦታ የማናግረው ሰው አለኝ።»

«ጎርፉ ቢመጣስ?» አልሁት። ይህችን በመጠየቄ ለረዥም ጊዜ ራሴን እንደ ደግ ሰው ስቆጥር ኖሬአለሁ፤ ይግረማችሁ።

«ጎርፍ ለዚህ አገር አዲስ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጥብሱንም ጨረስሁት።

ማክሰኞ ጠዋት በገበሬዎች ማሠልጠኛው አዳራሽ ተሰበሰብን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከኋላ ባሉት አግዳሚዎች ላይ ውሳኔውን ለመስማት የመጡ ገበሬዎች ተቀምጠዋል። አባቴም ከመካከላቸው ነበር፤ ማሳው ቦዩ ከተደፈነበት በላይ በኩል ነውና። ከኮቴ ላይ ውኃውን አራግፌ ከፊት ስቀመጥ በራሱ ሰላም አለኝ። ኩራት ነበረበት።

አንደኛው አጀንዳ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ነበር፤ ማንም ሳያዳምጠው ጸደቀ። ሁለተኛው የወፍጮ ቤት መንገድ ነበር፤ ሁለት አባላት ማን ቀድሞ እጁን እንዳወጣ ተጨቃጭቀው ግማሽ ሰዓት በሉ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው «ተራ በተራ፣ እባካችሁ፣ ተራ በተራ» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ከጎኔ ያለው አባል በስልኩ ቪዲዮ ያያል፤ ድምፁን እንኳ አልቀነሰውም።

«ሦስተኛ አጀንዳ» አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። የኋላው አግዳሚ ላይ ያሉት ገበሬዎች አንገታቸውን አሰገጉ። ርእሱን የጻፈው የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ነበርና «ቦይ ይከፈት» ብሎ መጻፍ ንቆ በትልልቅ ቃል ሞልቶታል። «የጎርፍ ማ... ማፋ...» ጣታቸው ቆመ። ተመለሱ። «የጎርፍ ማፋ...»

ብድግ አልሁ። እጄን አላወጣሁም።

«አንች ሴትዮ! መጀመሪያ ፊደል ቁጠሪ፤ ከዚያ በኋላ ትመሪናለሽ!»

ሳቁ አዳራሹን አናወጠው። አቶ ፈንታሁን ጭኑን እየመታ ነበር። እኔም እንደ ቴሌቪዥኖቹ ሰዎች ደረቴን ነፍቼ ዙሪያውን አየሁ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አላነሡም፤ የደረሱበት እንዳይጠፋባቸው ይመስለኛል። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ ቀና አሉ።

«የተከበሩ መምህር አዲሱ» አሉ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። «እጅዎን ሳያወጡ ተናግረዋል፤ ይህን ደንቡ አይፈቅድም። ግን ለሕዝቡ የሚሉት ነገር እንዳለዎት አይቻለሁ። ዕድሉን ሰጥቼዎታለሁ። ሦስት ደቂቃ አለዎት።»

የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ወዳጆቼ፣ በሕይወቴ እንደዚያች ሦስት ደቂቃ የረዘመ ጊዜ አላየሁም። አቅጄ የመጣሁት ለመጮኽ ነው፤ ለመናገር አልነበረም። አፌን ከፈትሁ፤ የሚወጣ ነገር የለም። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ይሰማል። ቪዲዮ ሲያይ የነበረው ሰውዬ እንኳ ስልኩን አጥፍቶ ይመለከተኝ ጀመር።

«ሁለት ደቂቃ ቀርቶዎታል» አሉ።

«ደንብ ተጥሷል!» አልሁ።

«የትኛው አንቀጽ?»

«እኔ... በአጠቃላይ ነው የምናገረው...»

ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የላስቲኩን ጥቅል ፈትተው ደንቡን አወጡና በሰው እጅ አቀበሉኝ። «ይኸው ደንቡ። የተጣሰውን ያሳዩን፤ ስሕተት ካለ እናርማለን።»

አማርኛ አስተማሪው ቆሜ ገጽ እገልጣለሁ። ፊደሉ ሁሉ ይዋኝብኛል። አንድም መስመር አላነበብሁም።

«አንድ ደቂቃ።»

ያዳነኝ አቶ ፈንታሁን ነው፤ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «ቲያትር ልናይ ነው እንዴ የመጣነው! ይህች ሴትዮ ልትመራን አትችልም! ክብሩን የሚያውቅ ይከተለኝ!» ወንበሮች ተንኮሻኮሹ። የእሱ ሰዎች ወጡ፤ ምን እንደ ተፈጠረ ያልገባቸው ደግሞ ሌሎች ሲወጡ ስላዩ ወጡ። ፈቃድ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። አንዱ ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ በስልክ እያወራ ነው የወጣው። እኔም የሴትየዋን ደንብ በእጄ እንደ ያዝሁ ተከተልሁ።

በሩ ላይ ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላው አግዳሚ አባቴ ተነሥቷል። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ አደገደገ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

ይህን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። አባቴ ወይዘሮ ማንጠግቦሽን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ የክርስትናቸውን ድግስ የበላ ሰው ነው። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው «አንች ማንጠግቦሽ፣ እንዴት ዋልሽ?» ነው የሚላቸው፤ እሳቸውም «አያ ካሴ» እያሉ በአንቱታ ይመልሱለታል። የዚያን ዕለት ግን እጅ ነሥቶ እንዲህ አላቸው።

«እመት አፈ ጉባኤ፣ እኔ ለመስማት እንጂ ለመናገር አልመጣሁም፤ ይቅር ይበሉኝ። ወደ ውጭ ብወጣ ይፈቅዱልኛል?»

«ይፈቀድልዎታል፣ አያ ካሴ።»

በዚያ ቀን ከዚያ አዳራሽ ፈቃድ ጠይቆ የወጣው ሰው እሱ ብቻ ነው። የተከበረ የሚባለው እኛ ነበርን። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የቀሩትን አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ ሠላሳ አራት። ምልዐተ ጉባኤ ጎድሏልና ጉባኤው ተቋርጧል ብለው አስመዘገቡ። ድምፃቸውን እየሰማሁ በረንዳው ላይ ቆሜ ነበር። አቶ ፈንታሁን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አንበሳ!» አለኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ከፊት ከፊት ነበር። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ብዙ ከሄድን በኋላ እርምጃዬን አፍጥኜ ተጠጋሁት።

«አባባ፣ ተቆጣኸኝ?»

ሳይዞር መለሰልኝ። «ማንን ነው አንች ያልኸው?»

«ወይዘሮ ማንጠግቦሽን ነዋ።»

«ማንጠግቦሽንማ እኔም አንች እላታለሁ፤ ጎረቤቴ ናት። እዚያ ወንበር ላይ ማን አስቀመጣት?»

«እኛ፣ የምክር ቤቱ አባላት።»

«እናንተንስ?»

ከኮቴ ላይ ጭቃ እጠርግ ጀመር።

«እኔ ነኛ» አለ ቆም ብሎ። «እኔና እዚያ ኋላ የተቀመጥነው። እንግዲህ ልጄ፣ ሰው ሁሉ እየሳቀ አንች ያልኸው እኔን ነው።»

ወንድን ልጅ «አንች» ማለት በእኛ አገር ምን እንደሆነ ለአማርኛ ሰው አላብራራም። አባቴ ያን ብሎ መንገዱን ቀጠለ። እኔ ግን እቤቱ ገብቼ ራት አብሬው መብላት አልቻልሁም። ሥራ አለብኝ ብዬ ወደ ወረታ ተመለስሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ወረታ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ነው ያሳለፍሁት። ደንቡ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ የምሠራው ስላልነበረኝ አነበብሁት። ከዳር እስከ ዳር፣ ሁለት ጊዜ። አባል ነኝ ብዬ ኮት የገዛሁለትን ምክር ቤት ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብሁት ያኔ ነው። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አንድም መስመር አላጓደሉም። ገጾቹ ዳር ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገውባቸዋል። ከባዱን ቃል ሁሉ በየክፍለ ቃሉ ቆራርጠው ጽፈውታል፤ ለመለማመድ ነው።

ፍልሰታ ገብቶ ነበር። ርብ በሚነሣበት በጉና ተራራ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ አቶ ፈንታሁን ነው።

«መምህር፣ የት ነህ?»

«ወረታ።»

«እዚያው ሁን። ሴትዮዋ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አስቸኳይ ጉባኤ ጠርታለች። አርባ አንድ ሰው ካልሞላላት ምንም ማድረግ አትችልም። የእኛዎቹ አይሄዱም፤ አንተም አትሂድ።»

«ውኃው የት ደርሷል?»

«እኔ ምን አውቄ! አጥሬን እየጠበቅሁ ነው።»

ስልኩን ሳልዘጋው ነው መሰለኝ የወጣሁት። ባጃጅ ያዝሁ። ከመታጠፊያው ትንሽ ቀደም ብሎ ሹፌሩ አቆመ፤ አስፋልቱን ከሜዳው ሸሽተው የወጡ ከብቶች ሞልተውታል። በስተቀኝ በኩል ማሳ የሚባል አይታይም፤ ቡኒ ውኃ ብቻ፣ ከመካከሉ የዛፍ ጫፍና የሣር ክዳን። «ወንድሜ፣ ባጃጄ ዋና አይችልም» አለኝ ሹፌሩ። ወረድሁ። ጫማዬን አውልቄ፣ ደንቡን በላስቲኩ ጠቅልዬ ራሴ ላይ አሰርሁና ገባሁበት። መጀመሪያ ከጉልበት በታች ነበር፣ ከዚያ ከወገብ በላይ ሆነ። ግማሽ ሰዓት የምትፈጀው መንገድ ከሁለት ሰዓት በላይ ወሰደችብኝ። አንዴ ወድቄ የዋጥሁት ውኃ የኩበት ጣዕም ነበረው።

ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጉብታ ብቻ ደረቅ ነበር። ሕዝቡ ሁሉ እዚያ ተጠግቷል፤ ሕፃን፣ አሮጊት፣ ፍየል፣ ዶሮ። ጎረምሶች አካፋና ዶማ ይዘው ይጮኻሉ፦ «ምን እንጠብቃለን! ሄደን አጥሩን እንናደው!» ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አንድ የተሰበረ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጸሐፊው ከጎናቸው ጃንጥላ ይዞ መዝገቡን ከዝናብ ይከላከላል።

«አይሆንም» ይላሉ። «ያለ ውሳኔ ብትንዱት ነገ ንብረት አወደማችሁ ተብላችሁ እናንተ ትታሰራላችሁ፤ ቦዩም ተመልሶ ይደፈናል። በውሳኔ ከሆነ ግን የሚነካው የለም። አርባ ነን። አንድ ሰው ይጎድላል።»

«እትዬ፣ ውኃው ቤቴ ገብቶ እኮ ነው!» ብሎ አንድ ሰው አለቀሰ።

«የኔም ገብቷል» አሉት።

በዚህ መካከል ነው ጭቃ ለብሼ የደረስሁት። ሕዝቡ ዞሮ አየኝ። ያን ጊዜ የነበረው አስተያየት አሁንም ያስፈራኛል፤ አካፋ የያዘ ሰው ነበር የሚያየኝ። ከክበቡ ዳር ቆሜ እጄን አወጣሁ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አዩኝ።

«ጸሐፊ፣ የተከበሩ መምህር አዲሱ መጥተዋል፤ ይመዝገቡ። አርባ አንድ። ምልዐተ ጉባኤው ተሟልቷል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይናገሩ።»

«ክብርት አፈ ጉባኤ፣ ባለፈው ማክሰኞ ስለ ተናገርሁት ነገር...»

«እሱ የዛሬ አጀንዳ አይደለም። ይቀመጡ።»

መቀመጫ ስላልነበረ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አልሁ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ወረቀቱን አንሥተው አጀንዳውን ማንበብ ጀመሩ፣ ጣታቸውን እያስኬዱ። «የጎርፍ ማ... ማፋ...» ቆሙ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው አልሳቀም። ሁሉም ጠበቀ። «ማፋሰሻ» አሉ። «ማፋሰሻ ቦይን መልሶ ስለ መክፈት። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።»

አርባ አንድ እጅ ወጣ። ጸሐፊው ጻፈ፣ ፈረምን፣ እሳቸውም ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው ተነሡና ከፊት ሄዱ። ሕዝቡ አካፋውን ተሸክሞ ተከተለ።

አጥሩ ሲናድ አቶ ፈንታሁን ጃንጥላ ይዞ፣ የተወለወለ ጫማ ተጫምቶ፣ ከመጋዘኑ መሠረት ላይ እየዘለለ መጣ። «ማን ፈቅዶ ነው! አንች ማን ነሽ! ማን ነሽ አንች!»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ውኃው ውስጥ እንደ ቆሙ ላስቲኩን አሳዩት። «የፈቀደው ምክር ቤቱ ነው፤ እርስዎም አባሉ ነዎት። ቅሬታ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ። ለሚመጣው ጉባኤ አጀንዳ እናደርገዋለን።»

ሰውዬው ወደ እሳቸው ሊራመድ ሲል ጫማው ጭቃው ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ። በካልሲ ቆሞ እየጮኸ ሳለ ውኃው የተከፈተለትን መንገድ አገኘ። መጀመሪያ በቀጭኑ ወረደ፣ ከዚያ አፈሩን እየገመሰ ወረደ፤ ከአፍታ በኋላ የእሱ ጩኸት አልተሰማም።

እስከ ማታ ውኃው ከቤቶቹ ወጣ። ሰው አልሞተም፤ ይህን ማለት በመቻሌ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ግን ቦዩ ከተደፈነበት በላይ ካሉት ቤቶች ስድስቱ ፈረሱ፤ የአንዲት ባልቴት የዓመት ቀለብ ጎተራው ውስጥ በሰበሰ። የአባቴ በሬ ዳማው ታስሮ እንደ ቆመ ነው ውኃው የወሰደው። አባቴ ያን ሰዓት የጎረቤት ሽማግሌ አዝሎ ወደ ጉብታው እያሻገረ ነበር። በሬውን ስናገኘው ገመዱ አንገቱ ላይ ነበር።

«አባባ...» አልሁት።

«ማክሰኞ ተወስኖ ቢሆን ይተርፍ ነበር» አለ። ቁጣ የለውም፤ የሆነውን ነው የተናገረው። ከዚያ ገመዱን እንድፈታ ቢላ አቀበለኝ።

በቀጣዩ መደበኛ ጉባኤ እጄን አውጥቼ ጠበቅሁ፤ ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ አፈ ጉባኤዋንም ሕዝቡንም ይቅርታ ጠየቅሁ። ደንቡንም መለስሁ። ከዚያ አንድ ልመና አቀረብሁ፦ «ያ ቃሌ ከቃለ ጉባኤው ይሰረዝልኝ።»

«አይሰረዝም» አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። «ያሉት ተብሏል። ይቅርታዎንም ከዛሬው ላይ እንጽፈዋለን። ኋላ የሚያነበው ሰው ሁለቱንም ያንብብ።» ከዚያ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

እስከ ምርጫ ዘመኔ ፍጻሜ አባል ሆኜ ቆየሁ። ርእሰ መምህር አልሆንሁም፤ ኮቱን ለአጎቴ ልጅ ሰጠሁት። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በሚቀጥለው ምርጫ ዕጩ ሆነው አልቀረቡም፤ «ግትር ናት» ተብለው ነው አሉ። አሁንም ሽንኩርታቸውን እየኮተኮቱ ናቸው። መንገድ ላይ ሳገኛቸው «እርስዎ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «አንተ ልጅ፣ እንዴት ነህ» ይሉኛል፤ ደስ ይለኛል።

አቶ ፈንታሁንስ? ከእኛ ቀበሌ ተነሥቶ ከፍ ወዳለ ወንበር ሄዷል። የት እንደሆነ አልናገርም። ማይክራፎን አለው፣ ሹፌር አለው፣ ጫማው ጭቃ አይነካም።

ይህን የምጽፍላችሁ ለእሱ ብዬ አይደለም። በቀደም ወረታ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ቴሌቪዥኑ ላይ የአንድ ምክር ቤት ስብሰባ ይታይ ነበር። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ አባል ተነሥቶ በአፈ ጉባኤው ላይ ይጮኻል፤ አፈ ጉባኤው «ሥርዓት ይያዙ፣ እባክዎ» ይላሉ፤ ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቷቸው ለጓደኞቹ ይስቃል። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ኸረ ይህ ጀግና ነው! ልክ ልካቸውን ነገራቸው!» አለ ከጎኔ ያለው፣ ሹራቡን በሻይ እስኪያርስ እየሳቀ።

«በየትኛው አጀንዳ ላይ እየተነጋገሩ ነበር?» አልሁት።

«ምን?»

«ሊጮኽ የተነሣ ጊዜ። ሊወሰን የነበረው ነገር ምን ነበር?»

ሰውዬው ዞሮ ጓደኛውን አየ። ጓደኛው ትከሻውን ነቀነቀ። የሻይ ቤቱን ባለቤት ጠየቅሁ፤ እሷም አላወቀችም። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ስድቡን ቃል በቃል ይደግሙታል። አጀንዳውን ያወቀ ግን አንድ ሰው አልነበረም።